«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ጠጋኝ ከሚያስጠሩ የኦቨን ብልሽቶች አንዱ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ምድጃው ጣልያን ወይም ቱርክ ሠራሽ ነው እንበል፤ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ሰዓት አለው። መብራቱ ሲመለስ ሰዓቱ ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ከላይ ያሉት ፕሌቶች ይግላሉ፤ ኦቨኑ ግን ቁልፉን የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩት አይሞቅም። በበዓል ዋዜማ ድፎ ለተቦካበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለምና የሠፈሩ ጠጋኝ ይጠራል።

«እትዬ፣ ሰዓቱን ሞልተውታል?»

«የኔ ልጅ፣ ሰዓትማ ግድግዳዬ ላይ አለኝ። እኔ የቸገረኝ ዳቦዬ ነው።»

ጠጋኙ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ይይዛል፣ ሰዓቱን ይሞላል፣ ኦቨኑ ይነሳል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የኦቨኑ መስመር በሰዓቱ ውስጥ ባለች፣ ሪሌይ በምትባል በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ያልፋል። ሰዓቱ የተሠራው ባለቤቱ ሥራ ውሎ ሲመለስ ምግቡ በተወሰነለት ሰዓት በራሱ እንዲበስል ነው። መብራት ሲቋረጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠፋበታል፤ ሰዓቱን ሳያውቅ ደግሞ ኦቨኑን አይለኩስም። በአንዳንዱ ሞዴል የእጅ ወይም የድስት ሥዕል ያለበትን ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ በሌላው ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ነው የሚጫነው። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መመሪያው ግን ከነካርቶኑ ከተጣለ ቆይቷል።

እንዲህ ባለው ቀን ሌላ ጠጋኝ ቢመጣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ምድጃ ሲበላሽ የመጀመሪያው ተከሳሽ ሁልጊዜ ቦርዱ ነው፤ ዋጋውም ምድጃውን ከነነፍሱ የሚያስጥል ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቦርዱ መጠየቅ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው ባይ ነኝ። በተለይ እንደ ቦሌ ሚካኤል ባለ ሠፈር ብልሽቱ ከምድጃው ውጭ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ይህ ቦርድ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። የድሮ ኦቨን ቦርድ አልነበረውም። ውስጡ ፈሳሽ የሞላበት ቀጭን የብረት ቱቦ ነበረው፤ ኦቨኑ ሲግል ፈሳሹ ይለጠጥና ከቁልፉ ጀርባ ያለችውን ስስ ሽፋን ይገፋል፣ ኮንታክቱ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገናኛል። ቴርሞስታት የምንለው ይኸው ነው፤ ዛሬም በብዙ ርካሽ ምድጃ ላይ አለ፤ ረጅም ዕድሜም አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤምኤስ 1000 የተባለችውን አነስተኛ ኮምፒውተር ባንዲት ቺፕ ላይ አድርጎ ለገበያ ሲያቀርብ ግን የቤት ዕቃ ሠሪዎች በጥቂት ዶላር የሚያስብ ነገር አገኙ። ማይክሮዌቩም፣ ልብስ ማጠቢያውም፣ ምድጃውም ቀስ በቀስ በቺፕ መታዘዝ ጀመረ።

የቦርዱ ሥራ ብዙ አይደለም። ከኦቨኑ ውስጥ ካለው ሴንሰር ሙቀቱን ይሰማል፤ ከቁልፎቹ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከዚያ ሪሌዮችን እየከፈተና እየዘጋ ለማሞቂያ ሬዚስታንሱ መብራት ይሰጣል። ኦቨን ሲሠራ በየጊዜው «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚሰማው ሪሌዩ ነው። ቺፑ የሚኖረው በ5 ቮልት ነው፤ ሪሌዮቹን የሚያንቀሳቅሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 24 ቮልት ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ግን 220 ነው። ስለዚህ ቦርዱ ላይ 220ውን ወደነዚህ ትንንሽ ቮልቴጆች የሚያወርድ ክፍል አለ፤ ከውጭ የሚመጣውን ጉዳት መጀመሪያ የሚቀበለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ሠፈሩ። ቦሌ ሚካኤል ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በአንድ ወገን አውሮፕላን ማረፊያው ያዋስነዋል። ቪላ በነበረበት ግቢ ፎቅ የበቀለበት፣ አማርኛና ሶማሌኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ የሚሰማበት፣ ከውጭ አገር ተመላሽ የበዛበት ሠፈር ነው። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ብዙ ኩሽና አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በዚያ ላይ የውሃ ፓምፕ፣ የገላ መታጠቢያ ማሞቂያና ኦቨን ሲጨመር ማታ ማታ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሙቀት የሚቀንሰው ደግሞ ከቮልቴጁ በባሰ ፍጥነት ነው፦ 220 የነበረው 180 ሲሆን የሬዚስታንሱ ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። «ኦቨኑ ደከመ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚባለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከሆነና ጠዋት ደህና የሚሠራ ከሆነ ኦቨኑ ጤነኛ ነው።

ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ያስቸግራል እንጂ ቦርድ እምብዛም አይገድልም። የሚገድለው የመብራቱ አመጣጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ምጣዱንና ፍሪጁን እንደተሰካ ይተወዋል፤ ሲመለስ ሁሉም በአንድ አፍታ ይጎትታል፤ መጣ ሲባል ይሄዳል፣ ሄደ ሲባል ይመጣል። በዚህ መሀል የሚፈጠረው ድንገተኛ ከፍታ ቦርዱ ላይ ያለውን ቫሪስተር ይመታዋል። ቫሪስተር ቮልቴጅ ሲበዛ ትርፉን እየዋጠ ሌላውን የሚያድን ክብ ዕቃ ነው፤ ዕድሜው ግን በዋጠው ልክ ያጥራል። ቦርድ ተፈቶ ሲታይ ጠቁሮ የተሰነጠቀ ክብ ነገር ከተገኘና ፊውዙ ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ መልካም ዜና ነው፤ ቺፑ ሊተርፍ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የኒውትራል መቆረጥ ነው። ወደ ሠፈር የሚገባው መስመር ባለ ሦስት ፌዝ ሲሆን በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ። ቤቶች በሦስቱ ፌዝ ላይ ይከፋፈላሉ፤ ኒውትራሉ የጋራ ነው። ፖሉ ላይ ወይም የሕንፃው ፓኔል ውስጥ ያለው የኒውትራል ማያያዣ ሲላላ ወይም ሲቃጠል መብራቱ አይጠፋም፤ ይዛባል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ምጣድ ሲለኩስ በሌላ ፌዝ ላይ ያለው፣ ትንሽ ዕቃ ብቻ የሰካው ቤት ቮልቴጁ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱ አይሳሳትም፦ በአንዱ ቤት አምፖል ከወትሮው በላይ ይነጣል፣ በሌላው ይደበዝዛል። ያኔ የምድጃውን ቁልፍ መነካካት ትርጉም የለውም፤ ዋናውን ብሬከር አውርዶ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ወደ 905፣ መደወል ነው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ አለ። በግድቡና በድፎው መካከል ግን ትራንስፎርመር፣ ፖልና ያቺ የላላች ማያያዣ አሉ። ማመንጨቱና ማከፋፈሉ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ድርጅት ሥር መሆናቸውም ለዚህ ነገር ጥሩ ማስታወሻ ነው፦ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ወደ ቆጣሪያችን ያደርሳል። የኦቨን ቦርድ የሚታመመው በአብዛኛው በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ሠፈር ሌላም የቦርድ ገዳይ አለ፤ እሱ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ከአሜሪካ ዕቃውን ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ያን ሰፊ ምድጃውን መተው ይከብደዋል። በአሜሪካ ቤት ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚገቡት ሁለት ፌዞችና አንድ ኒውትራል ናቸው፤ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 120 ቮልት፣ ሁለቱ ፌዞች እርስ በርስ 240 ቮልት። ሬዚስታንሶቹ የሚሠሩት በ240 ነው። ቦርዱ፣ አምፖሉና ማራገቢያው ግን በ120። እዚህ የሚጠራው ኤሌክትሪሽያን «240 ነው የሚለው፣ እኛ 220 አለን፣ ያው ነው» ብሎ ሁለቱን የፌዝ ሽቦዎች አንድ ላይ በናስትሮ ያስርና ወደ ፌዝ፣ ኒውትራሉን ወደ ኒውትራል ያደርጋል። ውጤቱ የሚገርም ነው። ሬዚስታንሶቹ ሁለቱም ጫፋቸው አንድ ፌዝ ላይ ስለሆነ ጭራሽ አይሞቁም፤ በ120 የሚኖረው ቦርድ ብቻ 220 ይጠጣና ይጨሳል።

ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። የእኛ ፌዝ ወደ አንዱ፣ የእኛ ኒውትራል ወደ ሌላኛው የፌዝ ቦታ ይገባል፤ ሬዚስታንሶቹ በ220 ከኃይላቸው 84 በመቶውን ይሰጣሉ፣ ለወጥም ለዳቦም ይበቃል። ለቦርዱ ደግሞ 220ውን እኩል የሚከፍል ትራንስፎርመር ተገዝቶ ከመካከሉ የሚወጣው ሽቦ የምድጃው ኒውትራል ቦታ ላይ ይታሰራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተደረገ ሰው ሊሞት ይችላል፦ ብዙ የአሜሪካ ምድጃዎች ከጀርባ የኒውትራሉን ቦታ ከብረት አካላቸው ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ ብረት አላቸው። በዚህ አሠራር ያ ቦታ 110 ቮልት ስላለበት ቁራጩ መፈታት፣ የብረቱ አካልም ለብቻው ግራውንድ መደረግ አለበት። ምድጃ «ትንሽ ይነዝራል» ከተባለ ጫማ አድርጎ መሥራት መፍትሔ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣ አንድ ቅሬታ ደግሞ ያስቃል። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይወዛወዛል፣ የእኛ 50 ጊዜ። አንዳንድ ቦርድ ሰዓቱን የሚቆጥረው ይህን ውዝዋዜ እየለካ ነው። እዚህ ሲመጣ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለ40 ደቂቃ የተሞላ ዳቦ 48 ደቂቃ ይቆይና ያርራል። ብልሽት አይደለም፤ በአንዳንዱ ሞዴል 50 እና 60 የሚመረጥበት ቅንብር አለ፣ በሌላው ቀንሶ መሙላት ነው።

የጋዝ የሆነውም አያመልጥም። ለሲሊንደር ጋዝ የሚሆን ቀዳዳ ያለው የማቃጠያ አፍ መቀየሩ እንዳለ ሆኖ፣ በብዙው የአሜሪካ ጋዝ ኦቨን ውስጥ የሚግል ማቀጣጠያ አለ። ማቀጣጠያው 3.2 አምፔር ገደማ ሲስብ ነው የጋዙ መዝጊያ የሚከፈተው። በ120 ቮልት ይህ ወደ 380 ዋት ነው። ለስልክና ለፀጉር መላጫ የተሠራች ትንሽ ትራንስፎርመር ይህን አትችልም፤ ማቀጣጠያው ቀላ ብሎ ይታያል፣ ጋዙ ግን አይመጣም። ያረጀ ማቀጣጠያም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። በሁለቱም ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ቦርዱ ነው።

መስመሩ ደህና ከሆነ ወደ ምድጃው መግባት ይቻላል። ዘመናዊ ቦርድ ሲከፋው ኮድ ያሳያል። ኮዱ የሚናገረው የት መፈለግ እንዳለበት ብቻ ነው፤ «ይህን ዕቃ ቀይር» ብሎ የሚነበብ ከሆነ ገንዘብ ያባክናል። በዚያ ላይ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ምድጃዎች ኤፍ 3 ሴንሰሩ ተቆርጧል፣ ኤፍ 7 አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል እንደማለት ነው። በፍሪጂዴር ደግሞ የተቆረጠ ሴንሰር ኤፍ 30፣ ሙቀት ከልክ ማለፍ ኤፍ 10 ይባላል። ኮዱን አይቶ ምክር የሚሰጥ ዘመድ ምድጃው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከተናገረ አለመስማት ነው።

ሴንሰሩን መፈተን የዚህ ሙያ ቀላሉና አስደሳቹ ክፍል ነው። ከኦቨኑ የጀርባ ግድግዳ ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ ብረት ወጥቶ ይታያል። ውስጡ ፕላቲነም አለ፤ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ በሚታወቅ ልክ ይጨምራል። ብሬከሩ ወርዶ፣ ሴንሰሩ ከቦርዱ ተነቅሎ በመልቲሜትር ሲለካ በአዲስ አበባ የክፍል ሙቀት 1,080 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ኦቨኑ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወደ 1,650 ይጠጋል። ይህ የአሜሪካኖቹ ልክ ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ ኦቨን ሌላ ዓይነት ሴንሰር አለው። ሜትሩ ምንም ካላነበበ ሴንሰሩ ተቆርጧል። ዋጋው ከቦርዱ ጋር አይወዳደርም፤ ለመቀየርም ካቻቢቴ ይበቃል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ኮዱ ካልጠፋ የሽቦው ማያያዣ ይታያል፤ በሙቀትና በቅባት ብዛት ጥቁር ብሎ የላላ ማያያዣ ለቦርዱ የተሳሳተ ወሬ ያደርሳል። ብዙ ጊዜ መንቀል፣ ማጽዳትና መልሶ መሰካት ይበቃዋል።

የቁልፎቹ ነገር ከኩሽናችን ልማድ ጋር ይያያዛል። ፊቱ ላይ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ከሥሩ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉት፤ ጣት ሲጫናቸው ይነካካሉ። በረኪና የነካው ጨርቅ ተጨምቆ ሳይሆን እንደራሰ ሲታሸበት ውሃው በጠርዙ ይገባል፤ የሽሮ እንፋሎት ደግሞ ቀን በቀን ከታች ይወጣል። ሽፋኖቹ ሲጣበቁ ቦርዱ ያለማቋረጥ የሚጫን ጣት ያለ ይመስለዋል፤ ይጮኻል፣ ኮድ ያወጣል። ምርመራው ብልህ ነው፦ መብራቱ ጠፍቶ ከቁልፎቹ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ይነቀልና መብራቱ ይመለሳል። ኮዱ ከጠፋ ጥፋቱ የቁልፎቹ ነው፤ ካልጠፋ አሁን፣ አሁን ብቻ፣ ቦርዱ ይጠየቅ።

ቦርድ ሲወጣ ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ገልብጦ ማየት ነው። በረሮ ሙቀት ስለምትወድ ከሰዓቱ ጀርባ ቤት መሥራቷ የተለመደ ነው፤ ኩሷ መብራት ማስተላለፍ ይጀምርና ቦርዱ ያልታዘዘውን ይሠራል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ጸድቶ የተነሳ ቦርድ ብዙ ነው። ቀጥሎ የሪሌዮቹ እግር ይታያል። ትልቅ አምፔር የሚያልፍበት እግር ሲግልና ሲበርድ ኖሮ ዙሪያውን ያለው ስታኞ እንደ ቀለበት ይሰነጠቃል፤ ኦቨኑ አንዳንዴ የሚሠራ፣ በጡጫ ሲመታ የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ነው። እንደገና መበየድ ነው። የሪሌዩ ኮንታክት በራሱ ከተጣበቀ ግን ኦቨኑ ጠፍቶም ይግላል። ይህ ከሁሉ አደገኛው ብልሽት ነው፤ ጠጋኙ እስኪመጣ ብሬከሩ ወርዶ ይቆይ።

የሰዓቱ ቁጥር ከወር ወደ ወር እየደበዘዘ፣ ሪሌዩ ደግሞ መያዝ አቅቶት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከመጣ የማዝንለት ዕቃ አለ። በብዙ ርካሽ ቦርድ ላይ ትራንስፎርመር የለም፤ 220ውን የሚያወርደው ኤክስ 2 የሚል ጽሑፍ ያለበት አራት ማዕዘን ካፓሲተር ነው። ይህ ካፓሲተር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲመታው የተበሳውን ቦታ አቃጥሎ ራሱን ያድናል፤ በዳነ ቁጥር ግን አቅሙ ይቀንሳል። እንደኛ መብራት በሚመላለስበት አገር ፈጥኖ ያረጃል። የላዩን ጽሑፍ አንብቦ፣ በሜትር ለክቶ፣ ከግማሽ በታች የወረደ ከሆነ በተመሳሳይ ኤክስ 2 መቀየር ቦርዱን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ዋጋው የሻይ ነው ቢባል ብዙ አያጋንንም። መጠንቀቂያው ግን ከባድ ነው፦ ትራንስፎርመር በሌለው ቦርድ ላይ 5 ቮልት የሚባለው ክፍል እንኳ ከ220ው መስመር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። መብራት እያለ በእጅ አይነካም፤ ብየዳ የማያውቅ ሰው እዚህ ድረስ መምጣት የለበትም።

ቦርዱን ከመብራቱ ጉዳት ለመከላከል ብዙ ሰው ስታብላይዘር ይገዛል። ለቴሌቪዥን የተገዛ የ1,000 ዋት ስታብላይዘር 2,500 ዋት የሚስብ ኦቨን ሲሰካበት መጀመሪያ የሚጨሰው እሱ ነው። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን፣ ቮልቴጅ ሲያንስም ሲበዛም የሚቆርጠውን መከላከያ ነው። ቁጥር እያሳየ መስመሩን ይጠብቃል፤ መብራት ሲመጣም ወዲያው አይለቅም፣ የተሞላለትን ያህል ጠብቆ ነው። ኒውትራል የተቆረጠ ለት ቤቱን ሙሉ የሚያድን እሱ ነው። ባለ ብዙ አፍ ዲቫይደር ላይ ኦቨን መሰካት ግን በምንም መከላከያ አይካስም፤ ስፒናው ቀልጦ ሶኬቱ ላይ ሲቀር የሚታየው ለዚህ ነው።

ቦርዱ በእርግጥ ከሞተ፣ የሚሞትበትም ጊዜ አለ፣ መርካቶ የሚወርድ ወይም ከውጭ ዘመድ የሚያስልክ ሰው የሚያስፈልገው የምድጃው ሙሉ የሞዴል ቁጥር ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ስም አይበቃም፤ መልኩ አንድ የሆነ ምድጃ ሦስት ዓይነት ቦርድ ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የኦቨኑ በር ሲከፈት ፍሬሙ ጠርዝ ላይ ወይም የታችኛው መሳቢያ ወጥቶ ከውስጥ ይገኛል። ቅባትና ስፖንጅ ሳያጠፉት ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ ቢነሳ ጥሩ ነው።